ልብ ታክሞ ዓይን ለምን ይጨልማል?

ሐኪም የከፈተው ደረትን ነው። ታዲያ ዓይን በምን ይታመማል? መንገዱ የደም ሥር ነው። ከልብ የወጣ ደም በአንገት በኩል ወደ ጭንቅላት ሲወጣ አንዱ ቅርንጫፍ ወደ ዓይን ይታጠፋል። ከልብ የተነሣ የረጋ ደምም ያንኑ መንገድ ይከተላል።

በአገራችን ብዙ ወጣቶችን ለልብ ቀዶ ሕክምና የሚያደርሳቸው በልጅነት በወጉ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ነው። ሰውነት ጀርሙን ሲዋጋ የራሱን የልብ ቫልቭ ያቆስላል። በዶክተር በላይ አበጋዝ ጥረት በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ሥራ የጀመረው የልብ ማዕከል እንዲህ ያሉ ሕሙማንን ያክማል።

በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ልብ ቆሞ ደሙን የሚያዞረው ማሽን ነው። ያኔ የደም ግፊት እጅግ ከወረደ ወይም ደም ካነሰ የዓይን ነርቭ ሊጎዳ ይችላል፤ ይህ ግን ብዙ አያጋጥምም።

ይልቅ ይበልጥ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ቤት ከተገባ በኋላ ነው። የቆሰለው ቫልቭ በሰው ሠራሽ ቫልቭ ከተተካ፣ በእሱ ላይ ደም በቀላሉ ይረጋል። የረጋው ቅንጣት ተነቅሎ የሬቲናን ደም ሥር ከደፈነ፣ ጭራሮ ቀጭን ቦይን እንደሚዘጋ፣ ዓይን ምንም ሳያም ድንገት ይጨልማል። ሬቲና ያለ ደም የሚቆየው ለጥቂት ሰዓት ነው፤ ከወሎ ቦረናዋ ከተማ ከመካነ ሰላም ለሕክምና ደሴ መድረስ ብቻውን ሰዓታት ይፈጃል። ስለዚህ የቦረና ሰው ዓይኑን ማዳን ያለበት ሳይጨልም በፊት ነው።

ዋርፋሪን የተባለው ደም ማቅጠኛ የሚታዘዘው ለዚህ ነው። መድኃኒቱ የሚሠራው የቫይታሚን ኬን ሥራ በማገድ ሲሆን፣ ይህ ቫይታሚን ጎመን ውስጥ ሞልቷል። በጾም ወራት ጎመን ድንገት ሲበዛ መድኃኒቱ ይደክማል፤ በፍስክ ጎመን ሲቀር ደግሞ ይበረታና ደም ሊያፈስ ይችላል። ጎመን አይከለከልም፤ መጠኑ ግን አይዋዥቅ። አይ.ኤን.አር. የሚባለው የደም ምርመራ ከቀጠሮው አይለፍ። ጠበል ቢገባም፣ ዱዓ ቢደረግም ኪኒኑ አይቋረጥ።

የዓይን ነጩ ክፍል ደም ቢለብስና እይታ ባይቀንስ፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ሳምንት ይጠራል፤ መድኃኒቱ በዝቶ እንዳይሆን ግን ደም ይመርመር። እይታ ድንገት ከጠፋ፣ ከሚታየው ግማሹ ከጎደለ፣ ወይም ትኩሳትና የዓይን መደብዘዝ አብረው ከመጡ ነገሩ ሌላ ነው፤ የስትሮክ ወይም የልብ ኢንፌክሽን ምልክት ሊሆን ይችላል። አያመኝም ብላችሁ አትደሩ። በዚያው ሰዓት መካነ ሰላም ሆስፒታል ሂዱ፤ ልባችሁን በቀዶ መታከማችሁንና ዋርፋሪን መውሰዳችሁን ከሁሉ አስቀድማችሁ ተናገሩ።