አካውንቱ በስንት ስልክ ተከፍቷል?

ቴሌግራም ሰውን የሚያውቀው በስልክ ቁጥሩ ነው። ቁጥሩ በአዲስ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ ሲጻፍ ባለ አምስት አሃዝ ኮድ ይላካል፤ ኮዱን ያስገባው ባለቤቱ ይሁን ባዳ፣ አካውንቱ ይከፈትለታል። በደብረ ማርቆስም ሆነ በደጀን፣ በቢቸናም ሆነ በአማኑኤል «ቴሌግራሜ ተጠለፈ» ሲባል ብዙ ጊዜ የረቀቀ የኮምፒውተር ጥበብ የለበትም። ኮዱ ተጠይቆ ተሰጥቷል፣ ያ ብቻ ነው።

ጠያቂው እንግዳ አይመስልም። አስቀድሞ በተጠለፈ የዘመድ ወይም የጓደኛ አካውንት ይመጣና «ጋሼ፣ ስልኬ ተበላሽቶ ኮዱን በእርስዎ ቁጥር አስልኬዋለሁ፣ ቶሎ ይንገሩኝ» ይላል። ለዘመድ እምቢ ማለት ነውር በሆነበት አገር ይህ ይሠራል። ኮዱ በራሱ በቴሌግራም ተጽፎ ከተላከ እንዲመክን ተደርጓል፤ ስለዚህ አጭበርባሪው «ደውዬ ልቀበልዎ» ማለትን ይመርጣል። ከገባ በኋላ በባለቤቱ ስም ለዕድርተኛውም ለሥራ ባልደረባውም «ቸግሮኛል» እያለ ይጽፋል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ በቅጽበት ስለሚደርስ፣ ላኪው ደውሎ እስኪያጣራ ብሩ ወጥቶ ሊሆን ይችላል።

አካውንት ባዳ እጅ የሚገባበት ሁለተኛው መንገድ ከሞባይል ቤት ይጀምራል፤ የሚነገርለት ግን ጥቂት ነው። ከገጠር ለገበያ የመጣ ሰው አዲስ ስልክ ሲገዛ ብዙ ጊዜ ጂሜይል የሚከፍትለት ሻጩ ነው። የይለፍ ቃሉም ሻጩ ዘንድ ይቀራል። አንዱ ጂሜይል ለብዙ ደንበኛ ሲያገለግል ደግሞ የአንዱ ሰው የስልክ ቁጥሮች ዝርዝር በሌላው ስልክ ላይ ብቅ ይላል። የይለፍ ቃሉን የያዘ ሰው በአካውንቱ የተቀመጡ ፎቶዎችን ማየት፣ ስልኩ ያለበትን ቦታ መፈለግ፣ በውስጡ ያለውንም ከርቀት መደምሰስ ይችላል። ለዚህ ሻጩ ክፉ መሆን የለበትም፤ የደንበኞቹን የይለፍ ቃል የጻፈበት ደብተር ሰው እጅ ቢገባ ይበቃል። ስልኩ ተቆልፎ በውጭ ቁልፎቹ ፎርማት የተደረገ ዕለት ደግሞ አንድሮይድ የቀድሞውን ጂሜይል መልሶ ይጠይቃል፤ ያን ጊዜ ባለቤቱ በገዛ ስልኩ ላይ እንግዳ ይሆናል። ጂሜይሉን በራስ ቁጥር ማስከፈትና የይለፍ ቃሉን ከሱቁ እንደወጡ መቀየር ይህን ሁሉ ያስቀራል። ማንበብ የሚቸግረው ሰው ሊገዛ ሲሄድ ከልጆቹ አንዱን ቢያስከትል ይሻላል።

ተከፍቶ የሚረሳ ኮምፒውተርም አለ። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያ ጊዜ ዋይፋይ ያለበትን ፈልጎ በሰው ኮምፒውተር ቴሌግራም የከፈተ፣ ሳይዘጋው ከወጣ አካውንቱ እዚያው ክፍት ሆኖ ቆይቷል። ቴሌግራም እንዲህ ያለውን መግቢያ በራሱ የሚዘጋው፣ ባለቤቱ ጊዜውን ካልቀየረው በቀር፣ ስድስት ወር ሙሉ ካልተነካ ነው። ኢንተርኔት የሌለው ስልክ ደግሞ «አዲስ መሣሪያ ገብቷል» የሚለውን ማስጠንቀቂያ በጊዜው አያሳይም።

መፈተሹ ቀላል ነው፤ ብዙ ሰው የማይነካው ሴቲንጉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ይመስላል። በቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ «ዲቫይስስ» የሚለው ሲነካ አካውንቱ የተከፈተባቸው ስልኮችና ኮምፒውተሮች በሙሉ ይዘረዘራሉ። ቦታው ከኢንተርኔት አድራሻ የሚገመት በመሆኑ ደብረ ማርቆስ ያለ ስልክ «አዲስ አበባ» ተብሎ ቢታይ አያስደነግጥም። ይልቅ የስልኩን ዓይነትና መጨረሻ የሠራበትን ሰዓት ማየት ነው። የማይታወቅ ካለ፣ ከያዙት ስልክ በስተቀር ሌላውን ሁሉ የሚዘጋ ቁልፍ እዚያው አለ። አዲስ የገባ መሣሪያ ነባሮቹን ወዲያው ማስወጣት አይፈቀድለትም፤ ስለዚህ ፈጥኖ የነቃ ባለቤት ከሌባው ይቀድማል። በዋትስአፕና በፌስቡክም ተመሳሳይ ዝርዝር ይገኛል።

ከሁሉ የሚጠቅመው ሁለተኛ የይለፍ ቃል ነው። ቴሌግራም ይህን ያስገባው በ2007 ዓ.ም ሲሆን፣ አንዴ ከተደረገ አዲስ መሣሪያ ላይ ከኮዱ ሌላ ባለቤቱ ያወጣው የይለፍ ቃል ይጠየቃል። ኮዱ በየዋህነት ቢሰጥ እንኳ ሌባው ከደጅ ይቀራል። ባለቤቱ ሳያደርገው ቀርቶ የገባው ሰው ቀድሞ ካደረገው ግን አካውንቱን ማስመለስ አድካሚ ነው።

ይህ ሁሉ ሲም ካርዱ በራስ ስም ከሌለ ይላላል። በወንድም ወይም በአጎት ልጅ ስም የወጣ ሲም ሲጠፋ ለመተካት ባለስሙ መገኘት አለበት። ወደ አረብ አገር የሚሄዱ ሰዎች ትተውት የሚሄዱት ቁጥርም ሳይሠራ ከቆየ ለሌላ ደንበኛ ሊሰጥ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ የኢሞውና የቴሌግራሙ ኮድ ለአዲሱ ባለቁጥር ሊደርስ ይችላል። ከመሄድ በፊት፣ ካልሆነም አዲስ ቁጥር እንደተያዘ፣ በአካውንቱ ላይ ያለውን ቁጥር መለወጥ ይገባል። የኢትዮ ቴሌኮም ሲም ሲሰረቅ በ994 ደውሎ ማዘጋት ይቻላል።

በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መሠረት ያለፈቃድ ወደ ሌላ ሰው የኮምፒውተር ሥርዓት ወይም ዳታ መግባት እስከ ሦስት ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት፣ ወይም ከ30,000 እስከ 50,000 ብር በሚደርስ መቀጮ፣ ወይም በሁለቱም ያስቀጣል። ፖሊስ ጋ የሚሄድ ሰው ማስረጃ ይጠየቃል። ስለዚህ ባዳው መሣሪያ ከመዘጋቱ በፊት ስሙና ሰዓቱ በስክሪን ሾት ይያዝ፤ ገንዘብ ተልኮ ከሆነም የቴሌብሩ የግብይት ቁጥር ያለበት መልእክት አይጥፋ።