በስደት ምድር የቆመ ቤት



እዚህ ሲቀላ ባሎቻቸው ርቀው የሚሠሩባቸው ብዙ እኅቶች አሉ። አንዳንዶቹ ከጋሞ ደጋ ወጥተው አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ሸማ ይሠራሉ። «የቤተሰብ ጸሎታችሁ እንዴት ነው?» ስንላቸው መልሱ «እሱ ሲመለስ እንጀምራለን» ነው። አብረው የሚኖሩትም «የራሳችን ቤት ሲኖረን»፣ «ልጆቹ ከፍ ሲሉ» ይላሉ። ባለቤቴ መጋቢ ቢሆንም እኛም የሌላውን ቤት ስንጎበኝ የራሳችንን ጸሎት ለነገ ያሳደርንባቸው ዓመታት ነበሩ።

የይሁዳ ምርኮኞችም እንዲሁ ሊኖሩ ቃጥቷቸው ነበር።

ከሰሎሞን በኋላ መንግሥቱ ለሁለት ተከፈለ። ሰሜኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ722 በአሦር እጅ ወደቀ። ባቢሎን ደግሞ በ597 የይሁዳን ንጉሥ ዮአኪንን ከእናቱ፣ ከሹማምንቱና ከእጅ ሙያተኞች ጋር ማርካ ወሰደች (2ኛ ነገ. 24፥12-16)። ሐናንያ የተባለ ነቢይም ንጉሡና ምርኮኞቹ በሁለት ዓመት ውስጥ እንደሚመለሱ ተናገረ (ኤር. 28)። ይህን ያመነ ሰው ለምን ቤት ይሠራል? ጓዙን ጠቅልሎ ይጠብቃል እንጂ!

ኤርምያስ ግን ሌላ ደብዳቤ ላከላቸው። ዘመኑ ሰባ ዓመት ስለሆነ ቤት እንዲሠሩ፣ አትክልት እንዲተክሉ፣ እንዲያገቡ፣ ልጆቻቸውን እንዲድሩ፣ ለሚኖሩባትም ከተማ እንዲጸልዩ ጻፈ (ኤር. 29፥4-10)። ሐናንያ የነገራቸው ተስፋ ከንቱ ሆነ። በ586 ኢየሩሳሌም ወደቀች፤ ቤተ መቅደሱም ተቃጠለ። ንጉሥ፣ መሠዊያና አገር ጠፉ። የቀረው ቤተሰብ ነበር።

ምርኮኞቹ ደብዳቤውን ሰምተው ይሆን? በባቢሎን የተገኙ የሸክላ ጽላቶች ለዮአኪንና ለአምስት ልጆቹ የሚሰጠውን የዘይት ቀለብ ይመዘግባሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተሙ ሌሎች ጽላቶች ደግሞ «የይሁዳ ከተማ» በምትባል የባቢሎን መንደር አይሁድ እርሻ ሲያርሱና ግብር ሲከፍሉ ያሳያሉ። ብዙዎቹም የእግዚአብሔር ስም ያለበትን ስም ለልጆቻቸው አውጥተዋል። ቤተ መቅደስ በሌለበት አገር እናት ልጇን በጠራች ቁጥር አምላኳን ታስብ ነበር ማለት ነው።

በ539 የፋርሱ ቂሮስ ባቢሎንን ያዘ፤ ምርኮኞቹም እንዲመለሱ ፈቀደ። በነህምያ ዘመን የሕጉ መጽሐፍ ሲነበብ ወንዶች፣ ሴቶችና የሚያስተውሉ ሁሉ ቆመው ሰሙ (ነህ. 8፥1-3)። ያ ጉባኤ በአንድ ቀን አልተገኘም፤ በስደት ምድር በየቤቱ ያደገ ነው።

በአገራችንም ቤተ እስራኤል በጎንደር አካባቢ ለብዙ ትውልድ ሰንበትን ጠብቀው፣ ኦሪትን በግዕዝ እያነበቡ ኖረዋል። በስግድ በዓላቸው እየጾሙ ወደ ተራራ ይወጡና የነህምያን ዘመን የሚያስታውስ የቃል ኪዳን ጸሎት ያደርጉ ነበር። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከ14,000 በላይ የሚሆኑት በሁለት ቀን ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሲበሩ ንብረታቸውን ትተው ነበር። ከወላጆቻቸው የተማሩትን ግን ይዘውት ሄዱ።

ወገኖቼ፣ እኛ በክርስቶስ ያገኘነው ተስፋ ታላቅ ነው። ነገር ግን ተስፋ ማለት ቁጭ ብሎ መጠበቅ አይደለም። ባልሽ ሽሮ ሜዳ ካለ በስልክ ተቀጣጥራችሁ ማታ አንድ መዝሙረ ዳዊት ሁለታችሁም አንብቡ፤ ልጆቹም ድምፁን ይስሙ። የተከራያችኋት አንዲት ክፍል ብትሆንም በእርስዋ ጸልዩ። ጎረቤቶቻችሁንና ከተማችሁንም በጸሎታችሁ አስቡ።

ለባልና ሚስት ውይይት፦
1. «ሲስተካከል» ብለን ያቆየነው ነገር ምንድን ነው?
2. ከዛሬ ማታ ጀምሮ ምን እናድርግ?

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።