የደም ውጤትና ሜላኖማ፤ ቁጥሩ ምን ይነግረናል?

ሜላኖማ አደገኛ የቆዳ ካንሰር ነው። ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ በብዛት የሚወጣው በውስጥ እግር፣ በመዳፍና በጥፍር ሥር ነው። በ1973 ዓ.ም. ያረፈው ቦብ ማርሌይም ሕመሙ የጀመረው ከእግሩ ጣት ነበር።

በሽታው ወደ ሳንባ፣ ጉበት ወይም አንጎል ሲሰራጭ ሐኪሙ የደም ምርመራ የሚያዝዘው በአብዛኛው አካሄዱን ለመገመት ነው። ቀዳሚው ኤልዲኤች የተባለው ኢንዛይም ሲሆን፣ ሕዋሳት ሲጎዱ ወደ ደም ይገባል። ከፍ ማለቱ በሽታው መብዛቱን ስለሚጠቁም የተሰራጨ ሜላኖማ ደረጃ ሲወጣለት አብሮ ይታያል።

ሌላው ከተለመደው የደም ቆጠራ የሚገኝ፣ ተጨማሪ ወጪ የማይጠይቅ ስሌት ነው። ከነጭ የደም ሕዋሳት መካከል የኒውትሮፊል ቁጥር ለሊምፎሳይት ይካፈላል። 6,000 ለ1,500 ሲካፈል 4 ይሆናል። ካንሰርን በመዋጋት ትልቁን ድርሻ የሚይዙት ሊምፎሳይቶች ናቸውና፣ እነሱ አንሰው ኒውትሮፊል ሲበዛ ተስፋው ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ሆኖም ሁሉም የተስማማበት የመለያ ቁጥር የለም።

«ኤልዲኤች ከፍ ብሏል» ሲባሉ ሞት የተፈረደባቸው የሚመስላቸው ታካሚዎች አሉ። ወባም፣ የጉበት ሕመምም፣ ሲቀዳ ቀይ ሕዋሳቱ የፈረሱበት ናሙናም ኤልዲኤችን ከፍ ያደርጋሉ። ኢንፌክሽንና እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ መድኃኒቶች ደግሞ ኒውትሮፊልን ያበዛሉ። ስለዚህ የሚወስዱትን መድኃኒትና የቀድሞ ውጤትዎን ይዘው ይቅረቡ፤ ምርመራው መደገም ይኖርበት እንደሆነም ይጠይቁ።

በውስጥ እግርዎ የሚሰፋ ጥቁር ምልክት ወይም የማይድን ቁስል ካለ ግን «ደሜ ደህና ነው» ብለው አይቀመጡ። ሜላኖማ መሆኑ የሚታወቀው ከቦታው ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ነው።