ያውቁ ኖሯል? በአፍንጫ የገባ የምግብ ቱቦ አንጎል ሊደርስ ይችላል
የራስ ቅሉ ወለል የተሰነጠቀ ሕመምተኛ በአፍንጫው የምግብ ቱቦ ሲገባለት፣ ቱቦው ወደ ጨጓራ በመውረድ ፈንታ በስንጥቁ አልፎ አንጎል ውስጥ ሊገባ እንደሚችል ያውቁ ኖሯል? አደጋው እምብዛም ባያጋጥምም ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል፤ ስለዚህ እንዲህ ላለው ጉዳተኛ ቱቦው በአፍ በኩል ይገባል። ጫፉ ጨጓራ ውስጥ መሆኑም ምግብ ከመጀመሩ በፊት በራጅ ይረጋገጣል። በቱቦ የሚመገበው ራሱን የሳተ ሰው ከሆነ ደግሞ በደንብ ማሳል ስለማይችል፣ ወደ ላይ የተመለሰ ምግብ ሳንባው እንዳይገባ የአልጋው ራስጌ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ከፍ ይደረጋል።

በቱቦ መመገቡ ከ4 እስከ 6 ሳምንት በላይ የሚዘልቅ ከሆነ ቱቦው በሆድ ቆዳ በኩል በቀጥታ ጨጓራ ውስጥ ይተከላል። ሆድ ሳይከፈት በኢንዶስኮፒ (የውስጥ አካል ማያ ቱቦ) እየታየ የሚሠራው ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ ክሊቭላንድ ከተማ መጀመሪያ የተሠራው ለአንድ ሕፃን ነበር።