ሰላጣ እንዴት እንሠራለን? መጀመሪያ ግን እንዴት እናጥባለን?

በዚህ ዕትም የጤና ዓምዱ ተራ የኔ ስለሆነ ስለ ሰላጣ ልጽፍ ነው። ርዕሱን ለሚኒ ሚዲያ ክበብ ጓደኞቼ ስነግራቸው ሳቁብኝ። አንዱማ «ወንድ ልጅ ምን ወጥ ቤት ያስገባዋል?» አለኝ። ቢላዋ መያዝና እጁን መታጠብ የሚችል ሰው ሁሉ ሰላጣ ይሠራል። ያ ልጅ ይህን ሲያነብ ራሱን ያውቃል።

አሁን መጋቢት ነው። የባሕር ዳርን ሙቀት አልነግራችሁም፤ ከሰዓት በኋላ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ መማር ራሱ ይከብዳል። ቤት ስንገባ ደግሞ የሚፋጅ ወጥ አያሰኘንም። ጾሙም አለ። ገበያ ብትሄዱ ቲማቲሙ፣ ካሮቱ፣ የፎገራው ቀይ ሽንኩርት ሞልቷል። ሙስሊም ጓደኞቼም በረመዳን ለአፍጥር ከሳምቡሳው ጎን ሰላጣ ይቀርባል ብለውኛል። ስለዚህ ሰላጣ የሁላችንም ነው። አያቴ ግን «ቅጠል ለፍየል ነው» ይላሉ። እሳቸውን ለማሳመን ገና እየሞከርኩ ነው።

አሠራሩን ከመናገሬ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ሰላጣ ከቤታችን ተከልክሎ ነበር። ምን ሆነ መሰላችሁ? አንድ ቀን እማዬ ሥራ ውላ ደክሟት መጣችና ሰላጣውን እንዳጥብላት ላከችኝ። እኔ ኳስ ሊጀመር ስለሆነ ቸኩያለሁ። ሳፋ ውስጥ ውሃ ሞላሁ፣ ሰላጣውን እንዳለ ከነሥሩ ነከርኩት፣ ሁለቴ ዘፍዘፍ አድርጌ አወጣሁት። ውሃው ቡናማ ሆኖ ነበር። አይቼዋለሁ፤ ግን ዝም አልኩ። ከዚያ በኋላ ትንሿ እህቴን ሆዷን አመማት፤ ተቅማጡ አላቆም ብሎ ጤና ጣቢያ ተወሰደች። ሰገራዋ ሲመረመር አሜባ ተገኘ። ከዚያ ሰላጣ ይሁን ከሌላ ነገር ማንም አላረጋገጠም፤ እማዬ ግን በሰላጣው ፈረደችበት። ያጠብኩት እኔ እንደሆንኩ ስለማውቅ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ዘንድሮ በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ስለ ጥገኛ ተሕዋስያን ስንማር ነው ጥፋቴ በደንብ የገባኝ። አሜባ፣ ጃርዲያና የወስፋት እንቁላል በሰው ሰገራ የተበከለ አፈር ወይም ውሃ ውስጥ ይገኛሉ። በዓይን አይታዩም። ሰላጣና ጎመን መሬት አጠገብ ስለሚበቅሉ፣ አንዳንዴም በቆሸሸ የወንዝ ውሃ ስለሚጠጡ፣ ቅጠላቸው ላይ ይለጠፉባቸዋል። ጎመኑን እንቀቅለዋለን፣ እሳቱ ይገድላቸዋል። ሰላጣውን ግን ጥሬውን ነው የምንበላው። አቼቶ ወይም ጨው ያለበት ውሃ ውስጥ ከነከርነው በቃ ንጹሕ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። አቼቶ አንዳንዱን ጀርም ይቀንሳል፤ የወስፋትን እንቁላል ግን አይገድለውም። ቅርፊቱ ጠንካራ ነው። እሱን ከቅጠሉ ላይ አጥቦ ማስወገድ ብቻ ነው መፍትሔው።

ታዲያ እንዴት እናጥብ? መጀመሪያ እጃችንን በሳሙና። ቀጥሎ የውጪዎቹን ቅጠሎች እንጥላለን፣ ሥሩን እንቆርጣለን፣ ከዚያ ቅጠሉን አንድ በአንድ እንለያያለን። እያንዳንዱን ቅጠል ፊትና ጀርባውን በሚወርድ ውሃ፣ በጣታችን እያሸን። በተለይ ወደ ሥሩ ያለው ጎድጓዳ ቦታ ጭቃ ይደብቃል። በኛ ሰፈር ውሃ በየቀኑ ስለማይመጣ እኔ ከጀሪካን በጆግ እየቀዳሁ ከላይ አፈስሳለሁ። ዋናው ነገር የታጠበበት ውሃ ተመልሶ ቅጠሉን እንዳይነካው ነው። የኔ ሳፋ ጥፋቷ ይኼ ነበር፤ ከአንዱ ቅጠል የወጣውን ቆሻሻ ለሌላው አከፋፈለችው። በመጨረሻ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ይለቀለቃል። ሁሉም ነገር ሳይከተፍ በፊት ይታጠብ፤ ከተከተፈ በኋላ ከታጠበ ቫይታሚኑ ከውሃው ጋር ይሄዳል። ሥጋ የተከተፈበት መክተፊያ ላይ ደግሞ ሳይታጠብ ሰላጣ አይከተፍም።

ይህን ሁሉ የሚያጥብበት ውሃ የሌለው ሰውስ? ለሱ መልሱ ቀይ ስር ነው! ቀይ ስር፣ ድንችና ካሮት ተቀቅለው ስለሚሠሩ በጣም አስተማማኝ ናቸው። እማዬም መጀመሪያ የፈቀደችልኝ ይህን ነው። ሁለት ቀይ ስር፣ ሦስት ድንች፣ ሁለት ካሮት ይበቃል። ቀይ ስሩ ከነልጣጩ ይቀቀላል፤ ጭራውም አይቆረጥም፣ ከላይም ጥቂት ግንድ ይተውለታል። አለዚያ ቀለሙ ሁሉ ውሃው ውስጥ ይቀራል። ብዙ ጊዜ ይፈጃል፣ ትልቅ ከሆነ እስከ አንድ ሰዓት፤ ስለዚህ ለብቻው ይጣድ። ሲበስል ልጣጩ በጣት ይወልቃል። ድንቹና ካሮቱ ተልጠው፣ ሁሉም በትንንሹ ተከትፈው ሎሚ፣ ዘይትና ጨው ይገባባቸዋል። ቀይ ስሩን መጨረሻ ላይ ነው መጨመር፤ ቀድሞ ከገባ ድንቹም ካሮቱም አንድ ዓይነት ቀይ ይሆናሉ። ዘይቷን ትንሽ ብትሆንም አትተዉ፤ ከካሮት የምናገኘው ቫይታሚን ኤ ወደ ሰውነታችን የሚገባው ከቅባት ጋር ሲሆን ነው። ለዓይን ጥሩ ነው የሚባለው እሱ ነው። እንዳትደነግጡ ደግሞ፣ ቀይ ስር የበላ ሰው በማግስቱ ሽንቱ ቀላ ሊል ይችላል። እኔ ደም መስሎኝ ለእማዬ እየጮኽኩ ነግሬያታለሁ፤ እስካሁን ይሳቅብኛል።

የቲማቲም ሰላጣ ቀላል ነው፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቲማቲም፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ሎሚ፣ ዘይት። ሽንኩርቱ ከበረታባችሁ ከትፋችሁ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ጥቂት ደቂቃ አቆዩት፣ ንዴቱ ይበርዳል። ጨውን ግን ሊበላ ሲል ብቻ ጨምሩ፤ ቀድሞ ከገባ የቲማቲሙን ውሃ ያወጣውና ሰላጣው ሾርባ ይሆናል።

እኔ ከሁሉም የምወደው አዚፋን ነው። ሰላጣ ነው ሲባል ብዙ ልጆች ይገርማቸዋል፤ ግን ቀዝቅዞ የሚበላ፣ በሎሚ የሚታሽ ነገር ሰላጣ ካልሆነ ምንድን ነው? አንድ ብርጭቆ ድፍን ምስር ተለቅሞ፣ ታጥቦ እስኪለሰልስ ይቀቀላል። ውሃው ይጠፍና እንዲቀዘቅዝ ይተዋል። ከዚያ በማንኪያ ጀርባ ግማሹን ብቻ ጫን ጫን ማድረግ ነው። ደቀቅ ተደርጎ የተከተፈ ሽንኩርትና ቃሪያ፣ የአንድ ሎሚ ጭማቂ፣ ሁለት ማንኪያ ዘይት፣ ጨው፣ ከዚያ በውሃ የተበጠበጠ ሰናፍጭ። ሰናፍጩን በጥቂት በጥቂቱ! እኔ አንዴ አብዝቼበት አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ እንባዬ ወርዷል። ሎሚው ለጣዕም ብቻ እንዳይመስላችሁ። ምስር ውስጥ ብረት አለ፤ ብረት ደግሞ ደማችን የሚሠራበት ንጥረ ነገር ነው። የሎሚው ቫይታሚን ሲ ሰውነታችን ያንን ብረት በደንብ እንዲወስድ ያግዘዋል። ሻይ ወዲያው በላዩ ከተጠጣ ግን ይቀንሰዋል። ሻይ ወዳድ መምህራኖቻችን እንዳትቀየሙኝ፤ ትንሽ ቆይታችሁ ጠጡ ለማለት ነው።

ማቀዝቀዣ የሌለን ልጆች ደግሞ የምንበላውን ያህል ብቻ እንሥራ። በዚህ ሙቀት የተሠራ ሰላጣ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጪ መቆየት የለበትም። ለነገ ብሎ ማሳደር የለም።

ከጥር ወዲህ ቅጠሉም ተፈቅዷል፣ ግን እማዬ አጠገቤ ቆማ እያየች ነው። ትንሿ እህቴ ቀይ ስሩንም አዚፋውንም ዝም ብላ ትበላለች። ቅጠል ስታይ ግን እጇን ሰብስባ ቀና ብላ ታየኝና «አንተ ነህ ያጠብከው?» ትለኛለች። «አዎ፣ አንድ በአንድ» እላታለሁ። አንዷን ቅጠል አንስታ በብርሃን ገልበጥ አድርጋ ካየች በኋላ ነው የምትጎርሰው።

ከ7ኛ ለ ክፍል፣ የጤና ዓምድ አዘጋጅ