በግማሽ ድንች ላይ የተቀረጸ ልብ



ባለፈው የዕረፍት ቀናችን፣ ከጸሎት በኋላ ቡናው እስኪፈላ ድረስ አንድ የእጅ ሥራ ሞከርን። ድንች ለሁለት ከፍለን፣ የልብ ቅርጽ እንዲቀር ዙሪያውን በቢላ ጫፍ ቆርጠን አወጣን። ውኃውን በጨርቅ አደረቅንና ቀይ ቀለም ቀብተን ወረቀት ላይ አተምነው።

አንዲት እህታችን በልቡ መካከል «እ» የሚል ፊደል ቀረጸች፤ «እማዬ» ለማለት ነው። ሲታተም ግን ፊደሉ ተገልብጦ ወጣ። ሁላችንም ሳቅን። እርሷም ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች።

እናቷ ካረፉ ወራት አልፈዋል። ቤተሰቦቿ «በሰው አገር ብቻዋን እንዴት ትችለዋለች» ብለው ስለ ደበቋት፣ መርዶውን የሰማችው ከአርባው በኋላ ነው። በሰማችበት ቀን ምሳ አቀረበች፣ ዕቃ አጠበች፣ ልጆች አስተኛች። ማልቀስ የቻለችው ሌሊት ነበር።

ሞትን በኅትመት ማሰብ የቆየ ነገር ነው። ሐንስ ሆልባይን የተባለ ጀርመናዊ ሠዓሊ የሣላቸው፣ በእንጨት ተቀርጸው የታተሙ 41 ትንንሽ ሥዕሎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1538 በፈረንሳይ አገር፣ በሊዮን ከተማ በመጽሐፍ ወጥተዋል። በእነርሱ ውስጥ ሞት በአፅም ተመስሎ ወደ ሁሉም ይገባል፤ ለንጉሡ በማዕድ ላይ መጠጥ ይቀዳለታል፣ ለገበሬው ፈረሶቹን ይነዳለታል። እንጨቱን የቀረጸው ሐንስ ሉትሰልቡርገር ግን መጽሐፉን ሳያይ በ1526 ሞተ። የእጁ ሥራ ዛሬም ይታያል።

ድንቹም በጥቂት ቀን ይጨማደዳል፣ ይበሰብሳል፤ ያተመው ልብ ግን ወረቀቱ ላይ ይቀራል። እናትም ታርፋለች፤ በልጇ ልብ ያተመችው ደግነት አብሯት አይቀበርም።

እህታችን ሌላ ድንች አንሥታ ፊደሉን ገልብጣ ቀረጸች። በዚህ ጊዜ ቀንቶ ታተመ፤ ለእያንዳንዳችንም አንድ አንድ ሰጠችን።

እህቶቻችን፣ አንድ ነገር ልብ በሉ። ወደ አገር ቤት ስትደውሉ እንዲህ በሏቸው፦ «ክፉ ነገር ቢኖር አትደብቁኝ። ብቻ አስቀድማችሁ ለጓደኛዬ ንገሯት፤ ስሰማ አጠገቤ ትሁን።» የጓደኛችሁንም ስልክ ስጧቸው። መምጣት ባትችል እንኳ በስልክ አብራችሁ ታልቅሳለች። ኀዘን የደረሰባትን እህት ብቻዋን አንተዋት።

የእናታችንን ነፍስ ይማርልን፤ ልጃቸውን ያጽናልን።