ኢኮኖሚክስ፦ ትምህርቱና የሥራው መንገድ

ኢኮኖሚክስ ሰዎች፣ ድርጅቶችና መንግሥታት ያላቸውን ውስን ሀብት ለየትኛው ፍላጎት እንደሚያውሉ የሚመረምር የትምህርት መስክ ነው። አማርኛው «ምጣኔ ሀብት» ይለዋል፤ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ግን ይህን ስም የሚጠራው ጥቂት ነው። ከሂሳብ አያያዝ ጋር የሚያምታቱትም ብዙ ናቸው። የሂሳብ ሠራተኛ አንድ የጤፍ ነጋዴ በዓመቱ ስንት እንዳተረፈ መዝግቦ ያሳያል። ኢኮኖሚስቱ የሚጠይቀው ጤፍ ለምን እንደተወደደና ዋጋው ሲንር ሸማቹ ፊቱን ወደ ስንዴ ወይም ወደ በቆሎ ያዞር እንደሆነ ነው።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያ ዲግሪው አራት ዓመት ይወስዳል። አንደኛው ዓመት በጋራ ኮርሶች ያልፋል፤ ከዚያ ማይክሮ፣ ማክሮ፣ የልማትና የዓለም አቀፍ ንግድ ኢኮኖሚክስ ይከተላሉ። ተማሪው በአብዛኛው ከሁለተኛ ደረጃ የሚመጣው ከማኅበራዊ ሳይንስ («ሶሻል») ዘርፍ በመሆኑ ካልኩለስና ሊኒየር አልጀብራ ሲገጥሙት ይደነግጣል። ድንጋጤው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ግን ሒሳቡን የሸሸ ተማሪ የትምህርቱን ልብ ሳያገኝ ይመረቃል።

ልቡ ኢኮኖሜትሪክስ፣ ማለትም የኢኮኖሚ ጥያቄዎችን በመረጃና በስታቲስቲክስ የሚፈትሸው ዘርፍ ነው። ማዳበሪያ የተጠቀመ ገበሬ ምርቱ ከጎረቤቱ በልጦ ቢገኝ፣ ምክንያቱ ማዳበሪያው ነው? ወይስ ለም መሬትና ጥንድ በሬ ያለው ቀድሞውንም የተሻለ የሚያመርት፣ ማዳበሪያ ለመግዛትም አቅም ያለው ገበሬ ስለሆነ? ሁለቱን ለመለየት ያንኑ ቤተሰብ ደጋግሞ መጠየቅ ይረዳል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ ትምህርት ክፍል ከእንግሊዙ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲና ከዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ጋር ያካሄደው የገጠር ቤተሰቦች ጥናት ይህንኑ አድርጓል፤ ከትግራይ ሀረሳው እስከ ጎጃም የትመን በ15 የገጠር መንደሮች የሚኖሩ ወደ 1,500 የሚጠጉ ቤተሰቦችን ከ1994 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ተመላልሶ ጠይቋል። የድህነትና የድርቅ ጉዳይን ያነሱ በርካታ የምርምር ጽሑፎች የተሠሩት በዚህ መረጃ ነው።

ተማሪው በመጨረሻው ዓመት የራሱን የመመረቂያ ጥናት ያዘጋጃል፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግዴታ ሆኗል።

«ኢኮኖሚስት» የሚል የሥራ መደብ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ብዙም አይገኝም። ከተመራቂዎቹ ብዙዎቹን የሚቀበለው ባንክ ነው፤ የመጀመሪያው ሥራም ብዙውን ጊዜ መስኮት ላይ ተቀምጦ ገንዘብ መቁጠር ነው፤ ለዚህ ኢኮኖሜትሪክስ እምብዛም አያስፈልግም። እውቀቱ የሚፈለገው ወደ ብድር ትንተና ሲሻገሩ ነው። ገንዘብ ሚኒስቴር፣ ፕላንና ልማት ሚኒስቴር እና የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት በጀት የሚያሰላ፣ ፕሮጀክት የሚገመግምና ቆጠራ የሚተነትን ባለሙያ ይፈልጋሉ። ብሔራዊ ባንክም ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ትቶ ገንዘብን በወለድ ምጣኔ ወደ መቆጣጠር በመዞሩ፣ የዋጋ ንረትን የሚተነብይ ተመራማሪ ይበልጥ ያስፈልገዋል። የእርዳታ ድርጅቶች «ክትትልና ግምገማ» በሚሉት ክፍል ይቀጥራሉ፤ እዚያ ስታታ የተባለውን የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር የሚያውቅ እጩ ይመረጣል።

ምርምርን ሙያዬ የሚል ግን በመጀመሪያ ዲግሪ አያቆምም። ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ ከሚታወቁት መንገዶች አንዱ መቀመጫውን ናይሮቢ ያደረገው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ምርምር ጥምረት ከአህጉሩ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር የሚያካሂደው የጋራ ሥልጠና ነው።